አጭር የአር ኤን ኤ ድርብ ክር በስንት ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል?

ቅቤ ከእሳት አጠገብ ሲቀመጥ እንደሚቀልጥ የማያውቅ ሰው የለም። በሕዋሳችን ውስጥ የሚገኙት ደቃቅ ክሮችም የየራሳቸው የመቅለጫ ሙቀት ያላቸው መሆኑን፤ ይህንንም ሙቀት ማንኛውም ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያሰላው የሚችል መሆኑን ግን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ አጫጭር የአር ኤን ኤ ድርብ ክሮች ጽናትና አቀላለጥ ለመምህራን፤ ለወላጆችና ለትምህርት ጓደኞቼ በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት አስቤአለሁ። ነገሩ ከቤተ ሙከራ የማይወጣ የሊቃውንት ጨዋታ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ዛሬ ለሕመምተኞች የሚሰጥ አንድ ዓይነት መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ የተንጠለጠለው በዚሁ ስሌት ላይ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አር ኤን ኤ በእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ የሞለኪዩል ክር ነው። የክሩ ጀርባ ከስኳርና ከፎስፌት ተራ በተራ የተሠራ ሲሆን፤ በእያንዳንዱ ስኳር ላይ ቤዝ ከሚባሉት ከአራቱ አንዱ ተያይዞ ይገኛል። እነርሱም አዴኒን፤ ዩራሲል፤ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ናቸው። ለአጻጻፍ እንዲያመች ኤ፤ ዩ፤ ጂ፤ ሲ እያልን በፊደል እንጠራቸዋለን። ኤ ከዩ ጋር፤ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራል። ጂ ከዩ ጋር ላላ ባለ ሁኔታ የሚጣመርበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ ዓይነቱ ጥምረት ፍራንሲስ ክሪክ በ1966 ጽፈዋል። ክሩ ራስና ጅራት አለው። ሊቃውንቱ ራሱን አምስት ፕራይም፤ ጅራቱን ሦስት ፕራይም ይሉታል። ሁለት ክሮች ሲጣመሩም የአንደኛው ራስ ከሁለተኛው ጅራት ጋር ይገጥማል፤ ይኸውም በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ አንዱ ወደ ገበያ ሲወርድ ሌላው ከገበያ ሲመለስ ጎን ለጎን እንደሚተላለፉት ሰዎች ነው። ይህ የአቅጣጫ ነገር በኋላ በስሌቱ ላይ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዳይረሳው።

ስለ ዲ ኤን ኤ ድርብ ጠመዝማዛ ብዙ ተነግሯል። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ቅርጹን ካስታወቁ ወዲህ በዓለም ሁሉ ታውቋል። አር ኤን ኤ ግን ብዙውን ጊዜ በነጠላ ክርነት ስለሚገኝ፤ እርሱም እንደ ዲ ኤን ኤ ድርብ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። በ1956 አሌክሳንደር ሪችና ዴቪድ ዴቪስ የተባሉ ሊቃውንት ኤ ብቻ የተደረደረበትን ክርና ዩ ብቻ የተደረደረበትን ክር በአንድ ላይ ቢቀላቅሉ፤ ሁለቱ ክሮች ማንም ሳያስገድዳቸው ተፈላልገው ድርብ ጠመዝማዛ ሆነው ተገኙ። ከዚህ በኋላ የአር ኤን ኤ ድርብ ክር ከዲ ኤን ኤው አጠርና ወፈር ያለ መሆኑ፤ በአንድ ዙርም ወደ 11 ጥንድ የሚይዝ መሆኑ ታወቀ። ደግሞም የፊደሉ ተራ አንድ ዓይነት ሲሆን የአር ኤን ኤ ድርብ ክር ብዙውን ጊዜ ከዲ ኤን ኤው የበለጠ ይጸናል። ነጠላው ክር በቀላሉ የሚበጣጠስ ሆኖ ሳለ ድርቡ እንዲህ መጽናቱ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ መቅለጥ ስንል ምን ማለታችን ነው? ክሩ ይበጠሳል ማለት አይደለም። የስኳርና የፎስፌቱ ጀርባ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለያዩት ሁለቱ ክሮች ናቸው። ሙቀት ሲጨምር ሞለኪዩሎች መንቀጥቀጥ ያበዛሉ፤ ጥንዶቹም ይላቀቃሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ክሮች በየፊናቸው ይሄዳሉ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሰው ይገጥማሉ። ከክሮቹ ግማሾቹ ተለያይተው ግማሾቹ እንደ ተያያዙ የሚገኙበት ሙቀት የመቅለጫ ሙቀት ይባላል።

ይህን ማንም በዓይኑ አያየውም፤ ነገር ግን በብርሃን ይለካል። ዓይናችን የማያየው አልትራ ቫዮሌት የሚባለው ብርሃን፤ ይልቁንም የሞገዱ ርዝመት 260 ናኖሜትር የሆነው፤ በቤዞቹ ይዋጣል። ቤዞቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ሳሉ የሚውጡት ብርሃን ያነሰ ነው፤ ሲለያዩ ግን የሚውጡት ይጨምራል። ስለዚህ ክሩ ያለበትን ፈሳሽ በትንሽ የመስተዋት ዕቃ አድርጎ ቀስ በቀስ እያሞቁ የሚዋጠውን ብርሃን ቢመዘግቡ፤ መጀመሪያ የተኛ፤ ቀጥሎ ሽቅብ የሚወጣ፤ በኋላም ተመልሶ የሚተኛ መስመር ይገኛል። መስመሩ ከሚወጣበት አካባቢ የመቅለጫው ሙቀት ይነበባል። ረጅም ክር ሲሆን አወጣጡ ቀጥ ያለ ገደል ይመስላል፤ አጭር ክር ሲሆን ግን እንደ ለስላሳ ኮረብታ ነው፤ አጭሩ በብዙ ዲግሪዎች መካከል ቀስ እያለ ይቀልጣልና።

አጭር ክር ከቅቤ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚደንቀኝም ይህ ነው። አንድ ማንኪያ ቅቤም ሆነ አንድ ቅል ቅቤ የሚቀልጠው በአንድ ዓይነት ሙቀት ነው። አጭር የአር ኤን ኤ ክር ግን በውሃው ውስጥ ብዛቱ ሲያንስ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። ምክንያቱም ሁለት ክሮች እንዲጣመሩ አስቀድመው መገናኘት አለባቸው። በተጨናነቀ ገበያ ውስጥ የተለያዩ ባልና ሚስት ቶሎ ሌላ ሰው ያገኛሉ ብሎ የሚቀልድ ይኖር ይሆናል፤ ለክሮቹ ግን ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ሆነው ሲገኙ ከአንዱ ቢለያዩም ሌላ ተጣማሪ በቅርብ ያገኛሉ፤ ጥቂት ሲሆኑ ግን ከተለያዩ በኋላ ተጣማሪ ለማግኘት ብዙ ይንከራተታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ድርቡን ክር የሚያጸናው ምንድን ነው? በክፍል ውስጥ የምንማረው ጂና ሲ በሦስት፤ ኤና ዩ በሁለት የሃይድሮጂን ማያያዣ እንደሚያያዙ ነው። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን የጂና የሲን ጥንዶች ቆጥሮ ጽናቱን ማወቅ ይቻላል ብሎ መደምደም ለአጭር ክር አያዋጣም። ጁልየስ ማርመርና ፖል ዶቲ በ1962 የረጃጅም ዲ ኤን ኤ የመቅለጫ ሙቀት ከጂና ከሲ ብዛት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥንዶች ባሉበት ልዩነቱ ሁሉ ይቻቻላልና ነው። በአራት ወይም በስምንት ጥንድ ላይ ግን የፊደሎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ተራቸውም ይቆጠራል።

ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። ክሮቹ በተለያዩ ጊዜ ቤዞቹ የሃይድሮጂን ማያያዣቸውን አያጡም፤ በዙሪያቸው ካለው ውሃ ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ከመጣመሩ የሚገኘው ትርፍ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከመደራረቡ ነው። ቤዞቹ ጠፍጣፎች ናቸው፤ በድርቡ ክር ውስጥም በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ይተኛሉ። ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ያለው መሳሳብ ክሩን ያጸናዋል፤ የመሳሳቡም መጠን የሚወሰነው ማን በማን ላይ እንደ ተኛ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ነገር ልጥቀስ። በድርቡ ክር ጅራት በኩል አንድ ተጣማሪ የሌለው ፊደል ቢጨመር፤ ይህ ፊደል ከማዶ የሚያያዘው ጓደኛ ሳይኖረው፤ በመጨረሻው ጥንድ ላይ በመደረብ ብቻ ክሩን እስከ 1.7 ኪሎካሎሪ በሞል ሊያጸናው ይችላል። የሃይድሮጂን ማያያዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ከዚህ የተነሣ የቅርብ ጎረቤት ደንብ የተባለው የአቆጣጠር ዘዴ ተገኘ። በ1971 ኢግናሲዮ ቲኖኮ፤ ኦልኬ ኡለንቤክና ማርክ ሌቪን የተባሉት የአሜሪካ ሊቃውንት የአር ኤን ኤን ጽናት የየክፍሎቹን ዋጋ በመደመር መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ከእነርሱም በኋላ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ዳግላስ ተርነርና ባልደረቦቻቸው እጅግ ብዙ አጫጭር ክሮችን አንድ በአንድ እያቀለጡ ለካ፤ በ1998ም የተሻሻለውን የዋጋ ሠንጠረዥ አሳተሙ። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ትዕግሥት አለማድነቅ አይቻልም። ሠንጠረዡ ዐሥር መሥመር ብቻ ያለው ቢሆንም ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተኋላ የዓመታት ልኬት አለ።

ዋጋዎቹ በሞል ኪሎካሎሪ የሚለኩ ሲሆኑ፤ ለ37 ዲግሪ ሙቀትና በሊትር አንድ ሞል የገበታ ጨው ላለበት ውሃ የተሰጡ ናቸው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ክሩ የጸና ነው። ከራስ ወደ ጅራት ሲነበብ ጂን ሲ ቢከተለው −3.42፤ ሲን ጂ ቢከተለው ግን −2.36 ነው። ጂን ጂ ቢከተለው −3.26፤ ኤን ኤ ቢከተለው −0.93፤ ኤን ዩ ቢከተለው −1.10፤ ዩን ኤ ቢከተለው −1.33 ነው። አንባቢ ሆይ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ደግመህ ተመልከት። ፊደሎቹ እነዚያው ጂና ሲ ናቸው፤ የሃይድሮጂን ማያያዣዎቹም ቁጥር እኩል ነው፤ ተራቸው በመገለባበጡ ብቻ ከአንድ ኪሎካሎሪ የበለጠ ልዩነት መጣ። በ37 ዲግሪ አንድ ኪሎካሎሪ ማለት ሚዛኑ አምስት እጥፍ ያህል ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ማለት ነው።

አሁን ሁለት አጫጭር ክሮችን እናወዳድር፤ አንደኛው ጂ-ጂ-ሲ-ሲ፤ ሁለተኛው ሲ-ጂ-ሲ-ጂ ነው። ሁለቱም አራት አራት ፊደል አላቸው፤ ሁለቱም እንደ ራሳቸው ካለ ክር ጋር ተገልብጠው ሊጣመሩ ይችላሉ። በጥንድ ቆጠራ ቢሆን ኖሮ እኩል ናቸው። በጎረቤት ደንብ የአንደኛውን ስንሠራ፤ ጂ-ጂ −3.26፤ ጂ-ሲ −3.42፤ ሲ-ሲ ደግሞ ከማዶው ክር ሲነበብ ጂ-ጂ ስለ ሆነ እንደ ገና −3.26፤ ድምሩ −9.94 ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ ክሮች በነጻ መዋኘታቸውን ትተው አንድ ላይ ለመታሰር የሚከፍሉት ዋጋ አለ፤ እርሱም 4.09 ነው። ክሮቹ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ ደግሞ 0.43 ይጨመራል። የቀረው −5.42 ነው። በሁለተኛው ክር ሲ-ጂ −2.36፤ ጂ-ሲ −3.42፤ ሲ-ጂ −2.36፤ ድምሩ −8.14፤ ዋጋው ሲከፈል የሚቀረው −3.62 ነው። ልዩነቱ 1.80 ሲሆን፤ አንደኛው ከሁለተኛው በ37 ዲግሪ ወደ 18 እጥፍ ያህል የበለጠ መጣመር ይወዳል ማለት ነው። ጂ-ሲ-ጂ-ሲንና ሲ-ሲ-ጂ-ጂን ለአንባቢ ትቻለሁ፤ የሚሞክር ሰው −4.68ንና −4.36ን ማግኘት አለበት።

ከዚሁ ሠንጠረዥ የሙቀት ክፍሎች የመቅለጫውን ሙቀት ማውጣት ይቻላል። በሊትር ከሞል ዐሥር ሺህ አንድ እጅ ክር ቢኖር፤ ጂ-ጂ-ሲ-ሲ በ35 ዲግሪ ገደማ፤ ሲ-ጂ-ሲ-ጂ ግን በ19 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በተራ ብቻ የ16 ዲግሪ ልዩነት! ፈሳሹን ዐሥር ጊዜ ብናቀጥነው ደግሞ የመጀመሪያው ወደ 24 ዲግሪ ይወርዳል። ከላይ ስለ ቅቤ የተናገርኩት በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ስለ ጨው ረዘም ያለ ነገር መናገር ባይቻልም ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። የፎስፌቱ ጀርባ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ሁለቱ ክሮች ይገፋፋሉ። ጨው ሲኖር ፖዚቲቭ ቻርጅ ያላቸው አቶሞች መካከል ገብተው ግፊያውን ያበርዱታል፤ ማግኒዚየም ደግሞ ከተራው ጨው ይልቅ በጥቂት መጠን ይህን ያደርጋል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ክሩ በዝቅተኛ ሙቀት የሚለያየው ስለዚህ ነው።

የክር ጫፍ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ያልተቋጨ ነጠላ መተርተር የሚጀምረው ከጫፉ ነው። ድርቡ የአር ኤን ኤ ክርም እንዲሁ ነው፤ በመካከል ያለው ጥንድ ከላይም ከታችም ጎረቤት ይዞታል፤ በጫፍ ያለው ግን በአንድ ወገን ብቻ ስለ ተደገፈ ይከፈትና ይዘጋል። ጫፉ ላይ ያለው ጥንድ ኤና ዩ ከሆነ ሠንጠረዡ ለየጫፉ 0.45 ቅጣት ያስከፍላል። አጭር ክር ከርዝመቱ ይልቅ ጫፉ የሚበዛ ስለ ሆነ ይህ ትንሽ የሚመስለው ነገር ብዙ ይሠራል።

ተፈጥሮ ይህን መቅለጥ ለሥራ ተጠቅማበታለች። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በጥሬ ወተትና በአንዳንድ አይብ ሊተላለፍ ይችላል፤ ይልቁንም ለነፍሰ ጡሮችና ለደካሞች አደገኛ ነው። ይህ ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ሲኖር የበሽታ መሣሪያዎቹን አያወጣም፤ በሰው አካል ውስጥ ሲገባ ግን ያወጣቸዋል። ወደ ሰው መግባቱን በምን ያውቃል? በፓሪስ ፓስተር ተቋም የነበሩት ፓስካል ኮሳርና ባልደረቦቻቸው በ2002 መልሱን አሳተሙ። መሣሪያዎቹን የሚያዝዘው የፕሮቲን መልእክት በሚጻፍበት አር ኤን ኤ ላይ፤ ክሩ በራሱ ላይ ታጥፎ ድርብ ሆኖ የንባቡን መጀመሪያ ይሸፍናል። በ30 ዲግሪ ሽፋኑ እንደ ተዘጋ ይቆያል፤ በ37 ዲግሪ ግን ይቀልጣል፤ መልእክቱም ይነበባል። ሊቃውንቱ አንዳንድ ፊደል ለውጠው ድርቡን ክር ቢያላሉት ባክቴሪያው በ30 ዲግሪም ፕሮቲኑን ሠራ። እንግዲህ ይህ ሕዋስ ያለ ምንም ሜርኩሪና ያለ መስተዋት ቴርሞሜትር ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ቃል የገባሁትን መድኃኒት አሁን ላንሣ። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ1998 ድርብ አር ኤን ኤ በትል ውስጥ ሲገባ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለውን ጂን ዝም እንደሚያሰኝ አሳዩ፤ በ2006ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ2001 ቶማስ ቱሽልና ባልደረቦቻቸው በሰው ሕዋስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው አጭር ድርብ ክር መሆኑን አስታወቁ፤ እያንዳንዱ ክር 21 ፊደል ሲኖረው 19ኙ ይጣመራሉ፤ በየጅራቱ ሁለት ሁለት ፊደል ተጣማሪ ሳይኖረው ይቀራል። በ2018 ፓቲሲራን የተባለው የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ የትራንስታይሬቲን ሕመም ለተያዙ ሰዎች ነው፤ በዚህ ሕመም የተበላሸ ፕሮቲን በነርቭና በልብ ላይ እየተከማቸ ሰውየውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል።

ድርቡ ክር ወደ ሕዋስ በገባ ጊዜ አርጎኖት የሚባለው ፕሮቲን ከሁለቱ ክሮች አንዱን ብቻ መሪ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ይጣላል። መሪው ከበሽታው ጂን መልእክት ጋር የሚጣመረው ክር ከሆነ መልእክቱ ይቈረጣል፤ የተሳሳተው ክር ቢያዝ ግን የታለመው ጂን ዝም አይልም፤ እንዲያውም ያልታሰበ ሌላ መልእክት ሊነካ ይችላል። ታዲያ ፕሮቲኑ በምን ይመርጣል? በ2003 ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች ለየብቻቸው ሠርተው አንድ መልስ አገኙ፤ የሚመረጠው ራሱ በላላው ጫፍ በኩል ያለው ክር ነው። ለምሳሌ ያህል በአንዱ ጫፍ ከራስ ሲነበብ ዩ-ኤ-ኤ-ዩ ቢገኝ፤ −1.33፤ −0.93ና −1.10 ተደምረው፤ የጫፍ ቅጣቱ 0.45 ሲጨመር −2.91 ይሆናል። በሌላው ጫፍ ጂ-ሲ-ጂ-ጂ ቢገኝ ድምሩ −9.04 ነው። ስለዚህ ራሱ ከዩ-ኤ-ኤ-ዩ የሚጀምረው ክር መሪ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። በሙከራውም በአንዱ ጫፍ ያለውን አንድ ጥንድ ብቻ በማላላት፤ ይጣል የነበረው ክር እንዲመረጥ፤ ይመረጥ የነበረውም እንዲጣል ማድረግ ተችሏል።